በየምሽቱ ለሚመጡት አንድ ምሽት

እ.ኤ.አ. ጁን 3 ቀን 2023 ቅዳሜ ነበር። በሰሜን እንግሊዝ፣ ከማንቸስተር ጎን ባለችው የሳልፎርድ ከተማ፣ ዘ ላውሪ በተባለው የቴአትር ማዕከል ቀይ ምንጣፍ ተዘርግቷል። ማዕከሉ የቆመበት ስፍራ ድሮ የመርከብ ወደብ ነበር። ወደቡ በ1982 ተዘግቶ ሥራ ፈት ሆኖ የቆየው የውኃ ዳር ዛሬ የቴአትር፣ የሙዚየምና የቴሌቪዥን ስቱዲዮዎች መንደር ሆኗል። በዚያ ምሽት ምንጣፉን ረግጠው ወደ አዳራሹ የዘለቁት እንግዶች ብዙዎቹ በሆሊውድ የሚታወቁ አይደሉም። በብሪታኒያ ግን መንገድ ላይ ያገኛቸው ሁሉ በተወለዱበት ስም ሳይሆን በሚጫወቱት ገጸ ባሕርይ ስም ይጠራቸዋል፤ ለዓመታት በየምሽቱ ሳሎኑ ሲገቡ ሲወጡ ያያቸዋልና።

የአምስት ምናባዊ ሰፈሮች ነዋሪዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰብስበዋል። ከኮሮኔሽን ስትሪት የጡብ ቤቶች የመጡ አሉ፤ ከኢስትኤንደርስ የለንደን አደባባይ፣ ከኤመርዴል የዮርክሸር ገጠር፣ ከሆሊኦክስ የቼስተር ዳርቻ፣ ከዶክተርስ ክሊኒክ የመጡም አሉ። ኮሮኔሽን ስትሪት የሚቀረጽበት ጎዳና ውኃውን ተሻግሮ በእግር የሚደረስ በመሆኑ፣ የዚያ ምሽት ባለቤት እሱ ነበር ማለት ይቻላል። ትልቁ ሽልማት፣ የዓመቱ ምርጥ የብሪታኒያ ተከታታይ ድራማ የሚያሰኘው፣ የተሰጠው ግን ከለንደን ለመጣው እንግዳ፣ ለኢስትኤንደርስ ሆነ።

የምርጥ መሪ ተዋናይነትን ሽልማት የወሰደችውም የዚሁ ድራማ ተዋናይት ዳንዬል ሃሮልድ ናት። የምትጫወታት ሎላ ፒርስ የአንጎል ዕጢ የያዛት ወጣት እናት ነበረች። ድራማው ሕመሙን ከመጀመሪያው ምልክት አንስቶ ለወራት ተከታትሎታል፤ የሎላ ሞት የታየበት ክፍል በቢቢሲ አንድ የተላለፈው ሜይ 31፣ ከሥነ ሥርዓቱ ሦስት ቀን በፊት ነው። ተዋናይቷ መድረክ ላይ ቆማ ዋንጫዋን ስትቀበል፣ ብዙ ተመልካች የሎላ ሐዘን ገና አልወጣለትም ነበር።

ሐዘን ማለቴ ለማሳመር አይደለም። በየሳምንቱ አራት ምሽት እያየ፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምታድገውን የሎላን ልጅ የሚያውቅ ሰው፣ የእናቲቱ ሞት ከልቡ ይነካዋል። የዘርፉ ኃይልም ክብርም ያለው እዚህ ላይ ነው። ብሪታኒያም በዓመት አንድ ምሽት መድባ ይህንን ኃይል ታመሰግናለች።

ዳኛውና ተመልካቹ

ሥነ ሥርዓቱ ዘ ብሪቲሽ ሶፕ አዋርድስ ይባላል። ከ1999 ጀምሮ የሚተላለፈው በአይቲቪ ጣቢያ ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መድረኩን ለብዙ ዓመታት የመራው ፊሊፕ ስኮፊልድ ሲሆን፣ በ2023 ቦታውን የተረከበችው የዮርክሸሯ ዘፋኝ ጄን ማክዶናልድ ናት።

አይቲቪ የራሱን ድራማዎች ብቻ የሚያወድስበት መድረክ ቢሆን ኖሮ ክብሩ ትንሽ በሆነ ነበር። እዚህ ግን የአይቲቪ ሥራዎች ኮሮኔሽን ስትሪትና ኤመርዴል፣ የቢቢሲው ኢስትኤንደርስ፣ የቻናል 4ቱ ሆሊኦክስ እኩል ይወዳደራሉ። በአዘቦት ቀን በተመልካች ቁጥር የሚፎካከሩ ጣቢያዎች በዚህ ምሽት አንድ አዳራሽ ይገባሉ፤ አንዱ የሌላውን ሥራ ቁጭ ብሎ ያያል፤ ያጨበጭባል። አይቲቪ በገዛ ጣቢያው የቢቢሲን ድራማ የዓመቱ ምርጥ ብሎ ለሕዝብ ያስተላልፋል።

ውሳኔው ከሁለት ወገን ይመጣል። የዓመቱ ምርጥ ድራማ፣ ምርጥ መሪ ተዋናይ እና የዓመቱ ክፉ ገጸ ባሕርይ የሚለዩት በተመልካች ድምፅ ነው። ምርጥ ነጠላ ክፍል፣ ምርጥ ወጣት ተዋናይና ሌሎች የሙያ ዓይን የሚጠይቁ ዘርፎች ደግሞ ለዳኞች ይቀርባሉ። ዘርፎቹ ከዘመኑ ጋር ተለዋውጠዋል። ቀደም ባሉት ዓመታት በቁመናቸው ማራኪ የሆኑ ወንድና ሴት ተዋንያን ይመረጡ ነበር፤ ያ ቀርቷል። በ2022 የወንድና የሴት መሪ ተዋናይ ሽልማቶች ተዋህደው አንድ ሆኑ።

ከዘርፎቹ ሁሉ የተከታታይ ድራማን ጠባይ አጉልቶ የሚያሳየው የክፉ ገጸ ባሕርይ ሽልማት ነው። በኮሮኔሽን ስትሪት ፓት ፌለን የተባለ ግንበኛ ነበር። የሠፈሩን ሰው ገንዘብ በማጭበርበር ጀምሮ ነፍስ እስከ ማጥፋት የደረሰ ሰው ነው። እሱን የተጫወተው ኮነር ማክኢንታየር ይህን ሽልማት ተቀብሏል። ሕዝቡ ለወራት ሲረግመው የከረመውን ሰው በድምፁ መርጦ አስሸለመው ማለት ነው። በሁለት ሰዓት ፊልም ውስጥ ክፉው ሰው ከመነሻው ክፉ ሆኖ ይመጣል፤ ጊዜ የለምና። በተከታታይ ድራማ ግን ፈገግ ብሎ ገብቶ፣ ጎረቤት ሆኖ፣ አበድሮና አግብቶ፣ ከዓመታት በኋላ ማንነቱ ይገለጣል። ተመልካቹ ድምፅ የሚሰጠው ያ ቀስ በቀስ የሚፈርስ እምነት እንዴት ባለ ችሎታ እንደተሠራ ስለሚያውቅ ነው።

ሥነ ሥርዓቱ ባለፉት ዓመታት በአብዛኛው የተመላለሰው በሳልፎርዱ ዘ ላውሪና በምሥራቅ ለንደኑ ሃክኒ ኤምፓየር መካከል ነው። ሃክኒ ኤምፓየር በ1901 ዝነኛው የቴአትር ቤቶች አርክቴክት ፍራንክ ማቻም የሠራው አዳራሽ ሲሆን፣ የፋብሪካና የወደብ ሠራተኛ ከሥራ መልስ ዘፈንና ቀልድ የሚያይበት ነበር። ቻርሊ ቻፕሊንም ተጫውቶበታል። ሁለቱም ከተሞች ላብ አደሩ ሕዝብ የራሱን ሕይወት በመድረክና በስክሪን ያየባቸው ናቸው፤ ሽልማቱም በቦታው ነው።

ከሳልፎርድ የወጣ ድምፅ

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ወጣት ነው። ቶኒ ዋረን በ1936 የተወለደ የሳልፎርድ አካባቢ ልጅ ነው። ልጅ ሳለ በአያቱ ቤት ሴቶች ሲጨዋወቱ ቁጭ ብሎ ያዳምጥ ነበር። አድጎ ማንቸስተር ላይ በተከፈተው የግራናዳ ቴሌቪዥን ጣቢያ ሲቀጠር፣ በስክሪኑ ላይ የሚሰማው ንግግር የደቡቡ፣ የተማረውና የባለጸጋው አነጋገር ነበር። እሱ የሚያውቃቸው ሴቶች፣ ምላሰ ስለታሞቹ፣ ለጎረቤት ደራሾቹ፣ ቂም ያዦቹና ሳቂዎቹ፣ የትም አይታዩም ነበር። ስለዚህ ጻፋቸው።

ኮሮኔሽን ስትሪት ዲሴምበር 9 ቀን 1960 በቀጥታ ስርጭት ተጀመረ። ዋረን ያኔ 24 ዓመቱ ነበር። ጣቢያው የፈቀደለት 13 ክፍል ብቻ ሲሆን፣ በዴይሊ ሚረር ጋዜጣ ላይ የጻፈ ሃያሲ ድራማው ዕድሜ እንደማይኖረው ተንብዮ ነበር። የድራማው ምናባዊ ከተማ ዌዘርፊልድ ይባላል፤ ለጎዳናው ገጽታ አርአያ የሆነው ግን በሳልፎርድ ኦርድሳል ሠፈር የነበረው አርቺ ስትሪት ነው። እውነተኛው ጎዳና በኋላ ፈርሷል፤ በእሱ አምሳል የተሠራው ግን አለ። ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2020 የድራማው 10,000ኛ ክፍል ተላለፈ።

ከመጀመሪያው ምሽት ጀምሮ ኬን ባርሎ የተባለውን ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ዊሊያም ሮች ነው። ሲጀምር የ28 ዓመት ጎልማሳ ነበር። በ2010 ጊነስ አንድን የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ገጸ ባሕርይ ሳያቋርጥ ለረጅም ጊዜ በመጫወት የዓለም ባለ ክብረ ወሰን መሆኑን መዘገበለት፤ ዘጠና ዓመት ካለፈውም በኋላ ሚናውን አልለቀቀም። ኬን ባርሎ ከአባቱ ጋር የሚከራከር ተማሪ ሆኖ ገባ። አገባ፣ ፈታ፣ ቀበረ፣ ልጆች አሳደገ፣ ሸበተ። ተመልካቹም አብሮት ሸበተ። የአንድ ሰው ሙሉ ዕድሜ፣ በአንድ ተዋናይ፣ በእውነተኛው ጊዜ ፍጥነት የሚተረክበት ሌላ የጥበብ ዘርፍ አላውቅም።

ሌሎቹ ተከተሉ። በኦክቶበር 1972 ኬቨን ላፋን የጻፈው ኤመርዴል ፋርም በዮርክሸር የእርሻ ቤተሰብ ተጀመረ፤ በ1989 «ፋርም» የሚለውን ቃል ከስሙ አውጥቶ ኤመርዴል ሆነ። ቻናል 4 በኖቬምበር 2 ቀን 1982 ሥርጭት ሲጀምር ከመጀመሪያው ምሽት ዝግጅቶቹ አንዱ የፊል ሬድመንድ ብሩክሳይድ ነበር። ሬድመንድ በሊቨርፑል እውነተኛ ቤቶች ተገዝተው እዚያው እንዲቀረጽ አደረገ፤ ሥራ አጥነትና የሠራተኛ ማኅበር ትግል በየቤቱ ሲገባ አሳየ። ኋላም በ1995 በወጣቶች ላይ ያተኮረውን ሆሊኦክስን ፈጠረ። ጁሊያ ስሚዝና ቶኒ ሆላንድ ደግሞ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1985 ኢስትኤንደርስን ይዘው መጡ። የመጀመሪያው ክፍል የተከፈተው ለብቻው የሚኖር አንድ ሽማግሌ ቤቱ ውስጥ ሊሞት ሲያጣጥር ጎረቤቶች በሩን ሰብረው ሲገቡ ነው። ድራማው ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጎረቤት ጎረቤቱን ካልጠየቀ ምን እንደሚሆን አሳየ።

በ1986 የገና ዕለት የኩዊን ቪክ መጠጥ ቤት ባለቤት ዴን ዋትስ ለሚስቱ ለአንጂ የፍቺ ወረቀት ሰጣት። ያን ክፍል፣ ድጋሚ ስርጭቱ ተጨምሮ፣ ከ30 ሚሊዮን በላይ ሰው አይቶታል። በዓሉን አብሮ ያሳለፈ ቤተሰብ አንድ ላይ ተቀምጦ የሌላ ቤተሰብ ትዳር ሲፈርስ አየ።

በሩጫ የሚሠራ ጥበብ

ተከታታይ ድራማን የሚንቁ ሰዎች አንዱ ክስ ብዛቱ ነው፤ ይህን ያህል የሚመረት ነገር ጥራት ሊኖረው አይችልም ይላሉ። ብዛቱን ከሠሪዎቹ ወገን ሆነን እንየው። በሳምንት አራት ክፍል የሚያቀርበው ኢስትኤንደርስ በዓመት ከ200 በላይ ክፍሎች ያዘጋጃል። አንድ የተከበረ የብሪታኒያ የምሽት ድራማ ብዙውን ጊዜ ስድስት ክፍል ሠርቶ ያርፋል።

ሥራው የሚጀምረው ታሪክ በሚታቀድበት ስብሰባ ነው። ደራሲዎቹና የታሪክ አዘጋጆቹ ተቀምጠው የእያንዳንዱን ቤተሰብ የሚቀጥሉ ወራት ይተልማሉ፤ ማን ይታመማል፣ ማን ይዋሻል፣ ምስጢሩ በየትኛው ሳምንት ይወጣል? ዕቅዱ በክፍል በክፍል ተቆራርሶ ለደራሲዎች ይታደላል። አንዱ የሰኞውን፣ ሌላው የማክሰኞውን ይጽፋል፤ ገጸ ባሕርይዋ ግን በሁለቱም ምሽት በአንድ አንደበት መናገር አለባት። የስክሪፕት አርታዒዎች ይህን ይጠብቃሉ። ከዓመታት በፊት የተነገረ ውሸት፣ የተረሳ እህት፣ የተከፈለ ዕዳ ሁሉ መታወስ አለበት፤ ደራሲው ቢረሳ ተመልካቹ አይረሳምና።

ቀረጻው ደግሞ ከስርጭቱ ሳምንታት ቀድሞ፣ በተለያዩ ዳይሬክተሮች ሥር፣ ቅደም ተከተሉን ሳይጠብቅ ይካሄዳል። ተዋናይቷ ጠዋት ባሏን ትቀብርና ከሰዓት በኋላ ከእሱ ጋር የምትስቅበትን ትዕይንት ትሠራለች። ለልምምድ የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ነው። በዚህ ሁሉ መሃል እውነተኛ እንባ ማምጣት ትልቅ ሙያ ነው።

ጊዜና ነጻነት ሲያገኙ እነዚሁ ሠራተኞች የሚያደርጉትን ማየት ከተፈለገ፣ የኤመርዴልን የዲሴምበር 20 ቀን 2016 ክፍል ማንሳት ይበቃል። የመንደሩ ቄስ የነበረው አሽሊ ቶማስ በመርሳት በሽታ እየደከመ ነው። ያ ክፍል ሙሉ በሙሉ የተነገረው በአሽሊ ዓይን ነው። ለዓመታት የምናውቃቸው ገጸ ባሕርያት በሌሎች ተዋንያን ተተክተው መጡ፤ አሽሊ የገዛ ቤተሰቡን ፊት መለየት እንዳቃተው፣ ተመልካቹም መለየት አቃተው። ሕመሙን በቃል ከማስረዳት ይልቅ ተመልካቹን ውስጡ አስገቡት። በድንገት የተለወጡት ፊቶች የሚያስደነግጡት የቀድሞዎቹን ለዓመታት ስለምናውቃቸው ነው፤ ለአንድ ምሽት ብቻ የተሠራ ፊልም ይህን ማድረግ አይችልም። ክፍሉ በ2017 የሶፕ አዋርድስ ምርጥ ነጠላ ክፍል ተብሎ ተሸለመ። ምርጫው ትክክል ነበር።

እራት ላይ የማይነሳውን ማንሳት

በብሪታኒያ የስርጭት ደንብ መሠረት ለልጆች የማይገቡ ነገሮች ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በፊት አይታዩም። ተከታታይ ድራማዎቹ ግን የሚተላለፉት ከዚያ በፊት፣ ልጅ አዋቂው አንድ ላይ በሚቀመጥበት ሰዓት ነው። ስለ ሞት፣ ስለ ጥቃት፣ ስለ በሽታ መናገር ከፈለጉ አያትም የልጅ ልጅም በአንድ ሶፋ ላይ ሊያዩት በሚችሉት መንገድ መናገር አለባቸው። ይህ ገደብ ድፍረትንና ጥንቃቄን አንድ ላይ አስተምሯቸዋል።

በ1991 የኢስትኤንደርሱ ማርክ ፋውለር ኤች አይ ቪ በደሙ እንዳለ ታወቀ። በዚያ ዘመን የበሽታው ስም ራሱ በሹክሹክታ ነበር የሚነሳው። ድራማው ማርክን በፍጥነት ገድሎ አልተገላገለውም። ገበያ ሲሸጥ፣ ሲያገባ፣ ሲያዝን፣ መድኃኒት ሲውጥ ለአሥር ዓመት ያህል አሳየው። ብሩክሳይድ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የጆርዳሽ ቤተሰብን ታሪክ ይዞ በቤት ውስጥ የሚፈጸም ጥቃትን ወደ አደባባይ አወጣ። በ2018 የኮሮኔሽን ስትሪቱ ኤይደን ኮነር ራሱን ሲያጠፋ፣ ድራማው የሳማሪታንስ ድርጅትን ምክር ጠይቆ፣ ድርጊቱን ሳያሳይ፣ ትኩረቱን በቀሩት ቤተሰቦችና መናገር ባቃታቸው ወንዶች ላይ አደረገ። ለአሽሊ ታሪክ የአልዛይመርስ ሶሳይቲ፣ ለሎላ ታሪክ ብሬይን ቲዩመር ሪሰርች የሙያ ምክር ሰጥተዋል።

ሕዝቡ ይህን ሁሉ ከምር ይወስደዋል። በ1998 የኮሮኔሽን ስትሪቷ ዴርድሪ ባልፈጸመችው ወንጀል ስትታሰር «ትፈታ» የሚል ዘመቻ ተነሳ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር ሳይቀሩ አስተያየት ሰጡበት። ይህን እንደ የዋህነት የሚያዩት አሉ። እኔ ግን የሌለች ሴት በግፍ መታሰሯ የሚያንገበግበው ሕዝብ፣ ያለችው ስትታሰርም ዝም ላለማለት አንድ እርምጃ ቀርቧል ብዬ አምናለሁ።

ታሪክ እያወጉ ማስተማር በብሪታኒያ ከቴሌቪዥኑም ይቀድማል። ቢቢሲ ጃንዋሪ 1 ቀን 1951 በመላ አገሪቱ ማስተላለፍ የጀመረው የሬዲዮ ድራማ ዘ አርቸርስ፣ አንዱ ዓላማው ከጦርነቱ በኋላ ምግብ ላጠረው አገር ገበሬ አዳዲስ የእርሻ ዘዴ ማድረስ ነበር፤ እስከ ዛሬም ይተላለፋል። የእኛም አገር አድማጭ ለዚህ መንገድ እንግዳ አይደለም። ከ2002 እስከ 2004 ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር አዘጋጅቶ በሬዲዮ ያቀረበው «የቀን ቅኝት» በ257 ክፍሎቹ ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስብሰባ ጠርቶ ሊነገር የሚከብደውን በገጸ ባሕርያቱ ሕይወት ነግሮናል። ትምህርቱ ሰው ልብ የሚገባው አስተማሪው የቡና ጎረቤት ያህል የሚታመን ሲሆን ነው፤ ያ እምነት ደግሞ በአንድ ቀን ጉብኝት አይገኝም።

ዘግይቶ የሚመጣ ምስጋና

የሽልማቱ ምሽት በጣም የሚከብደውና የሚያምረው ለረጅም ዘመን አገልግሎት ክብር የሚሰጥበት ጊዜ ነው። በ2009 የሕይወት ዘመን ሽልማቱ የተሰጠው ለባርባራ ዊንዘር ነበር። በኢስትኤንደርስ የኩዊን ቪክን መጠጥ ቤት የምታስተዳድረው ፔጊ ሚቸል እሷ ናት፤ ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ግን አደባባዩን የሚያናውጥ። በድራማው ውስጥ የጡት ካንሰርን የታገለችው ፔጊ፣ በ2016 በስክሪኑ ላይ ሞተች። ዊንዘር ራሷም በኋላ የአልዛይመር ሕመም እንዳለባት ይፋ ሆነ፤ እሷም ለሕሙማኑ የተሻለ እንክብካቤ እንዲደረግ ሞገተች። ለዓመታት በገጸ ባሕርይዋ ስለ ሕመም ያስተማረች ሴት በራሷም ሕመም ዝም አላለችም።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ2010፣ ተራው የቤቲ ድራይቨር ነበር። ከ1969 ጀምሮ በኮሮኔሽን ስትሪት መጠጥ ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆማ ወጥ የምታቀርብ ቤቲ የተባለች ሴት ሆና ተጫውታለች። ከአርባ ዓመት በላይ ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ የታሪኩ ማዕከል አልነበረችም። ሌሎች ሲጣሉ ብርጭቆ ትወለውላለች፤ ሌሎች ሲያለቅሱ ሳህን ታቀርባለች። እንዲህ ያለችውን ሴት የሚሸልም ሌላ መድረክ የት አለ? ትልልቆቹ የሲኒማ ሽልማቶች ነጠላ ድንቅ ሥራን ይፈልጋሉ። ይህኛው ግን በቦታው መገኘትንም እንደ ሥራ ይቆጥራል።

ከመጋረጃ ጀርባ ያሉትም አልተረሱም። በስክሪን ላይ ለማይታዩት፣ ለደራሲዎች፣ ለፕሮዲውሰሮችና ለሌሎች ባለሙያዎች የሚሰጠው ክብር በ2016 ባረፈው በቶኒ ዋረን ስም ተሰይሟል። የሴቶችን ወሬ ሲያዳምጥ ያደገው ልጅ ስም፣ በየዓመቱ አዳምጦ ለሚጽፍ ሰው ይሰጣል።

እየጠበበ የመጣው ሰዓት

ይህ ሁሉ የሚከበረው ዘርፉ በሚጨነቅበት ዘመን ነው። የ1986ቱ ገና ዓይነት ቁጥር ዛሬ ማንም አያገኝም። ቤተሰቡ በየስልኩና በየክፍሉ ተበትኗል፤ ድራማዎቹ ራሳቸው ከስርጭት ሰዓታቸው ቀድመው በቢቢሲና በአይቲቪ የኢንተርኔት አገልግሎት ይለቀቃሉ። ቢቢሲ ከ2000 ጀምሮ በበርሚንግሃም ሲያዘጋጅ የነበረውን ዶክተርስን በወጪ ምክንያት አቁሞ፣ የመጨረሻው ክፍል በኖቬምበር 2024 ተላለፈ። በዚያው ዓመት ሆሊኦክስ በሳምንት ከአምስት ክፍል ወደ ሦስት ወረደ። አይቲቪም ከ2026 ጀምሮ ኮሮኔሽን ስትሪትና ኤመርዴል በሳምንት አምስት አምስት የግማሽ ሰዓት ክፍል ብቻ እንዲያቀርቡ ወሰነ። ሽልማቱም ከዚህ አላመለጠም። በ2020 እና በ2021 በኮቪድ ምክንያት አልተካሄደም፤ በ2024 እንደገና ቀረ፤ በ2025 በሃክኒ ኤምፓየር ተመለሰ።

ክፍል ሲቀነስ የሚቀነሰው መዝናኛ ብቻ አይደለም። እነዚህ ድራማዎች የሙያው ትምህርት ቤት ናቸው። ኦስካር ያገኘው ኤዲ ሬድሜይንና ዓለም ያደነቃት ጆዲ ኮመር ወጣት ሳሉ በዶክተርስ ታይተዋል። በብሪታኒያ ቴሌቪዥን ስማቸው የገነነ ደራሲዎች ጂሚ መክገቨርን በብሩክሳይድ፣ ሳሊ ዌይንራይት በኮሮኔሽን ስትሪት ብዕራቸውን ስለዋል። ሀብታም ወላጅ የሌለው፣ የለንደን ዘመድ የሌለው ወጣት በሊድስ፣ በሊቨርፑል፣ በበርሚንግሃም ቋሚ ደመወዝ እያገኘ ሙያ የሚማርበት በር ይህ ነበር። በሩ በጠበበ ቁጥር በስክሪኑ ላይ የሚሰማው ድምፅም ቶኒ ዋረን ወደሸሸው ወደ አንድ ወገን አነጋገር እንዳይመለስ ያሰጋል።

ስለዚህ ሽልማቱ ሳይቋረጥ መካሄድ አለበት፤ ከተመልካች ቁጥር ጋር አብሮ የሚሰረዝ ጌጥ መሆን የለበትም። ድራማ ከሚታይበት መሣሪያ ጋር አይሞትም፤ ከቀጥታ ስርጭት ወደ ቪዲዮ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ኢንተርኔት ተሻግሯል። የሚሞተው ሠሪዎቹ ሥራቸው እንደማይረባ ሲነገራቸው ነው። ጎበዝ ደራሲ የተከታታይ ድራማ መጻፍን እንደ ውርደት ካየው፣ ጎበዝ ተዋናይት ከዓመት በላይ መቆየትን እንደ መቅረት ከቆጠረችው፣ ኬን ባርሎን የመሰለ ሰው፣ የሎላን የመሰለ ሞት፣ የአሽሊን የመሰለ ምሽት ከእንግዲህ አይኖርም። አንድ ሕዝብ የራሱን ተራ ሕይወት በየቀኑ፣ በትዕግሥትና በጥንቃቄ የሚያሳዩትን ሰዎች ካከበረ፣ ተራ ሕይወት ራሱ ክብር እንዳለው መሰከረ ማለት ነው። ዋንጫው የሚገባቸውም በዚህ ነው።